የርዳታ ሠራተኛና የኢንተርኔት ትምህርት

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በመጀመሪያ የተነገረው፥ ንባቡንና ዜማውን ሳያውቅ ጥምጥም ለመጠምጠም ለቸኮለ ሰው ነው። ነገር ግን ተረቱ ከቤተ ክህነት ደጅ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ የርዳታ ድርጅት ስም የተጻፈበት ሰደርያ ለብሶ፥ ረኃብ ወይም ጎርፍ ወይም ጦርነት ወዳገኘው ሕዝብ ለሚሄደው ሰው ሳይቀር ይስማማዋል። ሰደርያው በአንድ ደቂቃ ይለበሳል፤ ሥራው ግን በአንድ ደቂቃ አይታወቅም።

በዛሬው ንግግሬ የርዳታና የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ሙያቸውን በኢንተርኔት አማካይነት የሚማሩበት መንገድ ከምን የተነሣ እንደመጣ፥ ምን እንደሚሰጥና ምን ሊሰጥ እንደማይችል ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ምናልባት «ይህ ለርዳታ ድርጅት ሰዎች የሚነገር ነው፤ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ምኔ ነው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ወንዝ ሞልቶ ቀበሌ ያጥለቀለቀ እንደሆነ፥ ወይም ዝናብ ቀርቶ እህል የጠፋ እንደሆነ፥ የተጎጂውን ስም የሚመዘግበው፥ ኮሚቴ የሚቀመጠው፥ መጋዘኑን የሚከፍተውና የሚቆልፈው ማን ነው? የወረዳው ጸሐፊ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፥ የግብርና ባለሙያውና የትምህርት ቤቱ መምህር አይደሉምን? ከባሕር ማዶ የሚመጣው ባለሙያ ቪዛ እስኪያገኝና አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ፥ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች በእነዚህ ሰዎች እጅ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሞተው ወይም የሚተርፈው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1994 ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። (የውጭ አገር ነገር ስጠቅስ ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ፤ የአገራችንን ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት።) በዚያ ዓመት በሩዋንዳ በቱትሲ ሕዝብ ላይ ከተፈጸመው የዘር ፍጅት በኋላ፥ ፍጅቱን ያካሄደው መንግሥት ድል በሆነ ጊዜ፥ በሐምሌ ወር እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ያን ጊዜ ዛየር ትባል ወደነበረችው፥ ዛሬ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ወደምትባለው አገር ገባ። ጎማ በተባለች ከተማ አካባቢ ብቻ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ500,000 እስከ 800,000 የሚደርስ ሰው ፈሰሰ። ከመካከላቸው በፍጅቱ እጃቸው ያለበት ሰዎች ነበሩ፤ ሕፃናትና አሮጊቶችም ነበሩ። በሽታ ሲመጣ ግን ይህን ከዚያ አይለይም።

የጎማ መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው ደረቅ ዓለት ነው። ለመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር አይቻልም፤ ለመቃብርም ቢሆን አይመችም። ለመጠጥ የተገኘው የኪቩ ሐይቅ ውሃ ነበር፤ ሕዝቡም ዳርቻው ላይ እየተጸዳዳ ከዚያው ቀድቶ ጠጣ። ወዲያው ኮሌራ ተነሣ፤ ደም የሚያስቀምጥ ተቅማጥም ተከተለው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የመከራ ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የሙያ ታሪክ ነው፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው። ኮሌራ ስሙ የሚያስፈራ በሽታ ቢሆንም ሕክምናው ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። በሽተኛውን የሚገድለው ከሰውነቱ እንደ ጅረት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የወጣውን ያህል ፈጥኖ የሚተካለት የተገኘ እንደሆነ፥ ከመቶ ሕሙማን አንዱ እንኳ ላይሞት ይችላል። በጎማ ግን የርዳታ ድርጅቶች ሐኪም ቤት ድንኳን ተክለው፥ መድኃኒት አስመጥተው፥ ሠራተኛ አቁመው ሳለ በድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው ይሞት ነበር። ይህን በሽታ በአገራቸው ዘወትር የሚያክሙ የባንግላዴሽ ሊቃውንት ወደ ስፍራው ሄደው ምክንያቱን መረመሩ። ያገኙትንም በ1995 በሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ፈሳሹ የሚሰጠው እየዘገየ ነው፤ በአፍ የሚጠጣው ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በሚገባ አልተሠራበትም፤ በደም ሥር ከሚሰጠውም ውስጥ ለበሽታው የማይስማማ ፈሳሽ አለበት፤ ሠራተኞቹም የከበደ ኮሌራ የማከም ልምድ አልነበራቸውም አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚያ ሠራተኞች ሰነፎች አልነበሩም፤ ክፉዎችም አልነበሩም። ከቤታቸው ርቀው፥ በሬሳ መካከል፥ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው ደግ ልብ ሳይሆን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችል ዕውቀት ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ የዚያ ቀን ራት ግን የሰው ነፍስ ነበረ።

በ1996 የብዙ መንግሥታትና ድርጅቶች ኅብረት ያሠራው ታላቅ የምርመራ ጽሑፍ ወጣ። አንዳንዶቹ ድርጅቶች መልካም ሥራ ሲሠሩ፥ ሌሎቹ ባለመዘጋጀታቸውና ሙያ በማጣታቸው ሊድን የሚችል ሰው እንዲሞት አስተዋጽዖ ማድረጋቸውን ሳይሸሽግ ተናገረ። ለበጎ አድራጊ እንዲህ ያለ ቃል መስማት መራራ ነው። ቢሆንም ከመራራው ቃል መልካም ፍሬ ወጣ። በ1997 የርዳታ ድርጅቶችና የቀይ መስቀል ማኅበራት ተሰብስበው፥ አንድ በችግር ላይ ያለ ሰው ቢያንስ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ለመወሰን «ስፊር» የተባለውን የሥራ ዕቅድ ጀመሩ። ከብዙ ምክር በኋላ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ2000 ታትሞ ወጣ፤ ከዚያም እየታረመ አራተኛው እትም በ2018 ወጥቷል።

ይህ አሳብ ፈጽሞ አዲስ ነበር ለማለት አልደፍርም። በ1859 በሰሜን ኢጣልያ በሶልፌሪኖ ጦርነት በተደረገ ጊዜ፥ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ያለፉ ሙሴ ሔንሪ ዱናን የተባሉ የስዊስ አገር ነጋዴ በሺሕ የሚቆጠር ቁስለኛ ሜዳ ላይ ወድቆ አይተው፥ የመንደሩን ሴቶች አስተባብረው ረድተዋል። በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ያሳሰቡት ግን ስለ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ በሰላም ጊዜ አስቀድሞ የተሰናዳና ሙያ ያለው የበጎ ፈቃድ ማኅበር በየአገሩ ይቋቋም አሉ። ቀይ መስቀል የተወለደው ከዚህ ነው። የእኛም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር ሊወረን በተሰናዳበት ዘመን ነው። አስቀድሞ የመሰናዳት ነገር ምን ያህል በሰዓቱ እንደነበረ ተከታዩ ዓመት አሳይቷል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። በውስጡ ያለው ዕውቀት ምን ዓይነት እንደሆነ ለማሳየት በምሳሌ ብናገር ይሻላል። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ፥ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። አንድ የቧንቧ አፍ ለ250 ሰው ነው። ውሃው ከመኖሪያው ከ500 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። መጸዳጃ በመጀመሪያው ጥድፊያ ለ50 ሰው አንድ፥ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ ይሁን ይላል። በመጠለያ ለእያንዳንዱ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ወለል፥ ለምግቡም በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ይታሰብለታል።

አሁን አንድ የወረዳ ሠራተኛ ሌሊት ተጠርቶ «3,000 የተፈናቀለ ሕዝብ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰፍሯል» ተባለ እንበል። እነዚህን ቍጥሮች የማያውቅ እንደሆነ «ውሃ በአስቸኳይ ይላክልን» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። የሚያውቅ እንደሆነ ግን በወረቀት ጥግ ላይ ያሰላል፤ በቀን 45,000 ሊትር ውሃ፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ቢገኝ በቀን አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ 12 የቧንቧ አፍ፤ ለጊዜው 60፥ በኋላ 150 መጸዳጃ። ይህን ጽፎ የላከ ሰው የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ደብዳቤውን የሚቀበለው አለቃም «በአስቸኳይ» የሚለውን ቃል ከመተርጐም ይድናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የዚህን ጥቅም ሳልነግረው ያውቀዋል።

ቍጥሩ ግን ብቻውን ሕግ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ እንደሚያስገነዝበው ቍጥር መለኪያ እንጂ ዓላማ አይደለም፤ ዓላማው ሰው በክብር በሕይወት እንዲኖር ነው። 15 ሊትር ውሃ ቀርቦለት የሚቀዳበት ዕቃ የሌለው ሰው አሁንም ውሃ የለውም።

ይህ ዕውቀት ቀድሞ ይገኝ የነበረው የት ነው? በጄኔቭ፥ በለንደን፥ በሊዮን በመሳሰሉት ከተሞች ነው። ለምሳሌ በሊዮን በ1983 የተቋቋመው ባዮፎርስ የተባለው ድርጅት ለዚሁ ሥራ ሰዎችን ያሠለጥናል። እንዲህ ያለው ትምህርት ያለ ጥርጥር መልካም ነው። ሆኖም የአውሮፕላን ዋጋ፥ የሆቴል ኪራይና የውሎ አበል ሲታሰብ የሚላከው ሰው ማን ነው? ኃላፊው ነዋ! አለዚያም ቋንቋ የሚያውቀው ነው። ተምሮ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ሰነዱም በመሳቢያ ይቀራል። መጋዘኑን የሚከፍተውና የሚቆልፈው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይማር ጡረታ ይወጣል።

በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለሠራተኞቹና ለበጎ ፈቃደኞቹ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት አለው፤ ሌላውም ሰው ሊማርበት ይችላል። በ2013 ዲዛስተር ሬዲ የተባለው፥ በ2016 ደግሞ ካያ የተባለው ለርዳታ ሠራተኞች ሁሉ ያለ ክፍያ ተከፈቱ። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ ትምህርት የሚሰጥበትን የራሱን መድረክ ከፈተ፤ በ2020 ኮቪድ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ሚሊዮኖች ተመዘገቡበት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ስለ ሠራተኞች ደኅንነት የሚያስተምረውን ቢሴፍ የተባለውን ትምህርት በ2018 አውጥቶ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲወስዱት አዟል። ስፊርም መጽሐፉን የሚያስረዳ የራሱ ትምህርት አለው። ስለ ፕሮጀክት አመራር፥ ስለ ሒሳብ አያያዝ፥ ስለ ንብረት ግዥና ስለ መጋዘን አጠባበቅ የሚያስተምሩም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትምህርቱን በነፃ ይሰጡና ለመጨረሻው ፈተና ገንዘብ ያስከፍላሉ።

ከአድማጮቼ መካከል በዕድሜ የገፉት በፖስታ ቤት ይላክ የነበረውን የተልእኮ ትምህርት ያስታውሳሉ። መምህሩ ወረቀቱን ይልካል፤ ተማሪው በኩራዝ ሌሊት ያነባል፤ መልሱን ጽፎ ይልካል፤ ታርሞ እስኪመለስ ወር ይሞላል። የኢንተርኔቱም ትምህርት የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ መልሱ ወዲያውኑ መታረሙ ነው። አንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ በእጅ ስልክም ሊከፈት ይችላል። ተማሪው ያነባል፤ ሥዕልና ፊልም ያያል፤ ከዚያም ጉዳይ ይቀርብለታል። «የእህል ማደያው ሊከፈት ነው፤ አካል ጉዳተኞችና እርጉዞች በወረፋው መጨረሻ ቆመዋል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። ሦስት መልስ ይሰጠዋል። የተሳሳተውን የመረጠ እንደሆነ ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል ይነገረዋል። በእውነተኛው ሜዳ ላይ የሚሠራ ስሕተት በሰው ላይ ይደርሳል፤ እዚህ የሚሠራው ስሕተት ግን በማንም ላይ አይደርስም። ይህ አንዱ ታላቅ ጥቅሙ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል ብዬ እንጂ የሚያስከብረኝ ሆኖ አይደለም። ይህን ንግግር ሳሰናዳ ሳልቀምስ መናገር ነውር ነው ብዬ ስለ ውሃና ስለ ንጽሕና ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱን በምሳ ሰዓት በስልኬ ተማርሁ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሰዓቱም ሊያልፍብኝ ሆነ፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳላነብ ጣቴን እየመታሁ አለፍሁ። ፈተናውንም አንድ ጊዜ ወድቄ፥ መልሱ ስለታየኝ ሁለተኛ ጊዜ አለፍሁ። ስሜ በትልቅ ፊደል የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ለቀረው አንድ ባልደረባዬ አሳየሁት። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፥ በወሎ የርዳታ እህል ሲያድሉ የነበሩ ናቸው።

ወረቀቱን አይተው፥ «መልካም ነው፤ እስቲ ልጠይቅህ። አንድ የቧንቧ አፍ ለስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

«ለ250 ሰው ነው፥ ጋሼ» አልሁ።

«ጎበዝ። እንግዲህ ቧንቧውን ተክለሃል፤ ውሃውም ይፈስሳል። ሴቶቹ ግን ለመቅዳት አይመጡም። ምን ታደርጋለህ?»

ምናልባት ቧንቧው ያንሳቸው ይሆናል፤ ሁለተኛ እጨምራለሁ አልሁ። ሳቁብኝ።

«ሴቶቹን ትጠይቃለህ እንጂ፥ ልጄ! እኛ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖብን ሳምንት ሙሉ ባለሙያ ስንጠይቅ ከርመን፥ በመጨረሻ አንዲት እናት መንገዱ በወታደር ሰፈር በኩል ስለሆነ ልጃገረዶቹ ፈርተው ነው ብለው ነገሩን።»

ማታ ቤቴ ገብቼ ትምህርቱን እንደገና ከፈትሁት። ሳላነብ ያለፍሁት ገጽ የሚናገረው ይህንኑ ነበር። ውሃውና መጸዳጃው ከመተከሉ በፊት ሴቶችና ልጃገረዶች ተጠይቀው ስፍራውን ይምረጡ ይል ኖሯል። ይህን ያህል የቀረበ ዕውቀት በአንድ ጣት አመለጠኝ።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ትምህርት የመጀመሪያው ጉድለት ተማሪው ሳይማር እንዲያልፍ በሩን ክፍት መተዉ ነው። የምስክር ወረቀቱ ያለፈውን እንጂ ያወቀውን አይለይም። አንዳንድ ሰው ለሥራ መወዳደሪያ እንዲሆነው በአንድ ወር ሃያ የምስክር ወረቀት ያከማቻል። ቀጣሪው ይህን ሁሉ ወረቀት ከመቍጠር ይልቅ ያ ሽማግሌ እንዳደረጉት ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ጥልቅ ነው። በዓይን የሚማሩትና በእጅ የሚማሩት ነገር ልዩነት አለው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የሕፃናትን ክንድ የሚለካው ጥብጣብ ነው። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘወትር ይዘውት ስለሚታዩ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሦስት ቀለም አለው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ እንደሆነ አረንጓዴ፥ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፥ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቀይ ማለት ሕፃኑ በብርቱ የምግብ እጥረት ተይዟል፤ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ይግባ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ በአሥር ደቂቃ መማር ይቻላል። የግራ ክንድ ነው፤ በትከሻው ጫፍና በክርኑ ጫፍ መካከል እኩሌታው ተለክቶ ምልክት ይደረጋል፤ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ዘና ማለት አለበት፤ ጥብጣቡ አይጥበቅ፥ አይላላ። መልካም፤ ግን ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ይወራጫል። እናቲቱ ልጇ ርዳታ እንዲያገኝ በዓይኗ ትለምናለች። ከኋላዋ ሁለት መቶ እናቶች ተሰልፈዋል፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ጥብጣቡ ጥቂት የጠበቀ እንደሆነ ቢጫው ቀይ ይሆናል፤ ጥቂት የላላ እንደሆነ ቀዩ ቢጫ ይሆንና፥ ሕክምና የሚገባው ሕፃን ወደ ቤቱ ይመለሳል። «አይጥበቅ፥ አይላላ» የሚለው ቃል ምን ያህል ማለት እንደሆነ የሚያውቀው፥ ብዙ ክንድ የለካና ሲሳሳት አጠገቡ ሆኖ ያረመው ሰው የነበረው ጣት ብቻ ነው። ይህን ኢንተርኔት አይሰጥም። መንገዱን ግን ያሳጥራል፤ ቍጥሩንና ምክንያቱን አስቀድሞ ያወቀ ሠራተኛ፥ አሠልጣኙ ሲመጣ ጊዜውን ሁሉ በልምምዱ ላይ ያውለዋል።

ከሙያው ትምህርት ሌላ የጠባይም ትምህርት አለ፤ እርሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በ2002 በምዕራብ አፍሪካ፥ በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በስደተኞች ሰፈር ውስጥ አንዳንድ የርዳታ ሠራተኞች እህልና ሌላውን ርዳታ ልጃገረዶችን ለማስነወር መሣሪያ እንዳደረጉት የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ከዚህ የተነሣ በዚያው ዓመት ታላላቆቹ የርዳታ ድርጅቶች ስድስት መሠረታዊ የጠባይ ደንብ አወጡ። ርዳታን በሥጋዊ ግንኙነት መለወጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር መገናኘት የአገሩ ሕግ ቢፈቅድም እንኳ ክልክል ነው፤ ባልደረባው እንዲህ ሲያደርግ ያወቀ ሠራተኛ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ይህ ትምህርት ዛሬ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ግዴታ ሆኗል፤ ብዙው ሰውም የሚማረው በኢንተርኔት ነው። በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ነገር አያለሁ። ኃላፊው የተማረውን ደንብ ዘበኛውም፥ ሾፌሩም፥ የመጋዘን ሠራተኛውም እኩል ይማረዋል፤ «አልሰማሁም» ለማለት ለማንም አይመችም።

የአገራችንን ሁኔታ ስንመለከት የቋንቋው ነገር ይከብዳል። ትምህርቶቹ በብዛት የሚገኙት በእንግሊዝኛ፥ በፈረንሳይኛ፥ በዓረብኛና በስፓኒሽ ነው። በከተማ ቢሮ ያለው ባለ ዲግሪ ይረዳው ይሆናል፤ በወረዳ ያለው ግን ቃሉን ሲፈታ አሳቡ ያመልጠዋል። ከዚህም ሌላ ትምህርቱ ነፃ ነው ሲባል መስመሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ለኢንተርኔት የሚከፈለው ከሠራተኛው ኪስ ነው። መብራትም አለ፥ የለም። አንዳንዶቹ ትምህርቶች አስቀድሞ ወደ ስልክ ተጭነው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ሊነበቡ መቻላቸው ግን ይህን ችግር በመጠኑ ያቃልላል።

በሌላ በኩል ዘመኑ ራሱ ያስገድደናል። በ2016 በኢስታንቡል በተደረገው ጉባኤ ታላላቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ከርዳታው ገንዘብ 25 በመቶ የሚሆነው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለየአገሩ ተወላጅ ድርጅቶች እንዲደርስ እስከ 2020 ጊዜ ሰጥተው ተስማምተው ነበር። 2020 አልፎ ሄደ፤ ገንዘቡ ግን የተባለውን ያህል አልደረሰም። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ «አቅም የላቸውም» የሚል ነው፤ በበኩሌ ይህ ምክንያት ሁሉ ጊዜ እውነት ነው ብዬ አላምንም። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በብርቱ በመቀነሱ፥ በብዙ አገር ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ አሰናብተዋል፥ ሥራቸውንም አጥፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከበጀት መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሥልጠና ነው። ስለዚህ ለብዙው ሠራተኛ በነፃ የሚገኘው የኢንተርኔት ትምህርት ከሆቴሉ ሥልጠና ጋር የሚማረጥ መሆኑ ቀርቶ ያለው እርሱ ብቻ ሆኗል።

እንግዲህ ባለን ነገር እንዴት እንሠራበት? በእኔ አስተያየት የዚህ ትምህርት ትልቁ ስሕተት ሰው ብቻውን ይማረው ተብሎ መታሰቡ ነው። የእኛ አገር ሰው ትምህርት የለመደው በጉባኤ ነው፤ አንዱ ያነባል፥ ሌላው ይተረጕማል፥ ሦስተኛው ይጠይቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው፥ የሜዳውን ሥራ የሚያውቅ አንድ አንጋፋ፥ አንድ ኮምፒዩተርና በሳምንት አንድ ሰዓት የተገኘ እንደሆነ ብዙ ሊሠራ ይቻላል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሰዓቱን በማስታወቂያ ቢያጸድቀው፥ ሠራተኛው እንደ ሌባ በምሳ ሰዓት በስልኩ አይማርም። ክንድ መለካት ከሆነ ትምህርቱ፥ በሚቀጥለው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከምታውቀው ሴት አጠገብ ቆሞ አሥር ሕፃን መለካት ነው። የመጠለያ ትምህርት ከሆነም 3.5 ካሬ ሜትር በግቢው ውስጥ በኖራ አስምሮ፥ እናትና አራት ልጆች በአምስት እጥፉ ላይ እንዴት እንደሚተኙ ማየት ነው።

እኛም በመሥሪያ ቤታችን ስድስት ሆነን እንዲህ ጀምረናል። እኔ ጮክ ብዬ እያነበብሁ እተረጕማለሁ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል የተባለው የመጀመሪያው ትምህርት ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ሽማግሌው ባልደረባችን በየገጹ እያስቆሙ «ይህስ ልክ ነው፤ ይኸኛውን ግን እኛ ወሎ ላይ እንዲህ ነበር ያደረግነው» ስለሚሉ ነው። ፈተናውን ገና አልተፈተንም። ሐሙስ ነው።